ረቡዕና ዓርብ የሚነድ እግር

ወንዛዬ፣ ጥር 28 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለወለተማርያም ልጅ ለአስረስ፣ ደብረ ታቦር ከጣልያን ሐኪም ቤት ላለኸው። እግዚአብሔር ከነጭም ከጥቁርም ክፉ ይሰውርህ፤ የምትበላውንም ያስማማልህ። እኔ አክስትህ ፈንታነሽ አለሁ፤ በሬዎቹም አሉ፤ ምላሴም እንደነበረ ነው። የሚጽፈው እጅ የመሪጌታ ይርጋ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። ያላልኩትን እንዳይጨምሩ ጠላውን ጽፈው እስኪጨርሱ ድረስ ከልክያቸዋለሁ።

ባሌ አያሌው ከጥምቀት ማግሥት በነጋዴው በወርቁ በቅሎ ተጭኖ ቤቱ ገባ። የጣልያንን መንገድ ሲቆፍር ድማሚት ያነሣው ድንጋይ እግሩን አድቅቆት ደብረ ታቦር ወሰዱት ሲሉን፣ እኛ ሞቷል ብለን ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። እኅቱ ጥሩወርቅማ ፊቷን ነጭታ ከጨረሰች በኋላ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ሲመጣ ብታየው ተቆጣችው። አንተ ባትኖርበት ውሃ የሚያቀብለው አልነበረም ይላል። ሐኪሙም ከጉልበቱ በታች ቆርጦ ነፍሱን አተረፈለት፤ ጣልያን ቢሆንም ለዚህች ብቻ እጁ ይባረክ። ቁስሉ ደርቋል። ፍል ውሃው እየወሰድኩ ጉቶውን አጥብለታለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። እዚያ ባዶ ጠርሙስ በየቀኑ ይጣላል አለኝ፤ ለጠበል መያዣ የሚሆን ሁለት ሦስት ላክልኝ። ቁስል የጠቀለሉበት ነጭ ፋሻም ይጣላል አለ። እሱን አጥቤ ለጧፍ ክር አደርገዋለሁ፤ ጥጥ ከገበያ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ጨልሟል። ሐኪም ሆነህ ለዘመድ ጨርቅ አትነፍግም።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቅልኝ። የአያሌውን እግር የት አደረጉት? ይህን የምልህ ያለ ነገር አይደለም። ረቡዕና ዓርብ ረፋድ ላይ የሌለው እግሩ ይነድዳል። «ጣቶቼ እሳት ላይ ናቸው» እያለ ጋቢውን ነክሶ ይውላል። በሌላው ቀን ምንም አይለው። መጀመሪያ፣ «ጣልያን በጾም ቀን ሥጋ ይጠብሳል ማለት ነው» ብዬ አፌዝኩበት። ፊቱን ሳየው ግን ማፌዙን ተውኩ።

አክስትህ ፈንታነሽ

ደብረ ታቦር፣ የካቲት 25 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ፈንታነሽ። የጣራ ገዳም አባቶች ጸሎት ከቤትዎ አይለይ፤ ለጋሼ አያሌውም ጤናን ከነትዕግሥቱ ይስጥልኝ። እኔ ለምስጋናው ደኅና ነኝ። ወርቁን ወታደሮች ወረታ ላይ ከነበቅሎዎቹ ይዘውት ስለሰነበቱ ደብዳቤዎ ዘግይቶ ደረሰኝ።

ጠርሙሱንም ፋሻውንም መላክ አልችልም፤ አይቀየሙኝ። እርስዎ ለዘመድ ሁሉ አስረስ ሐኪም ሆኗል ብለው እንደነገሩ ሰምቻለሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሐኪም አይደለሁም። ከሐኪም ቤቱ የሚወጣውን ጥራጊ፣ ደምና መግል የነካውን ጨርቅ፣ የተሰበረውን መርፌና ጠርሙስ፣ ከሰው ገላ የተቆረጠውንም ተሸክሜ ከሽቦው አጥር ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ የምወስደው ሰው እኔ ነኝ። የሚነደውን አነድዳለሁ፣ የማይነደውን ኖራ አልብሼ እቀብራለሁ። ዳዊት የደገመ፣ ቅኔ ቤት የገባ ልጅ እዚህ ደረሰ ብለው ያዝኑ ይሆናል። እኔ ግን ለምጄዋለሁ፤ ሥራውም አንድ ሰው በሥርዓት ሊሠራው የሚገባ ሥራ ነው።

ከዚያ ጉድጓድ ምንም ነገር አይወጣም። ደንቡ ይህ ነው፤ ምክንያቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ክረምት እመቤቴ የምትባል ጠላ ሻጭ ከጉድጓዱ አፍ አንድ የወታደር ብርድ ልብስ አንሥታ ሄደች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጎረቤቶቿ ጭስ ከቤቷ መውጣት ቆመ ብለው ነገሩን። በሩን ገፍቼ የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሷም ልጆቿም በተስቦ አልቀው፣ በዚያው ብርድ ልብስ ሥር ጎን ለጎን ተኝተዋል። ብርድ ልብሱ ምንም አልሆነም፤ ንጹሕ ይመስላል፣ ይሞቃልም። ስለዚህ ጨርቅ አይለምኑኝ።

የጋሼን እግር በተመለከተ፣ ያኖርኩት እኔ ራሴ ነኝ። አልወረወርኩትም። በሁለት ሰው ቁመት ጥልቀት፣ ጣቶቹን ወደ ምሥራቅ አድርጌ አስተኝቼ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜበታለሁ።

ረቡዕና ዓርብ ስላሉት ነገር ብዙ አሰብኩ። እሳቱን የምናነድደው በነዚህ ቀናት ነው። ይህን ለጋሼ ነግሬያቸው አላውቅም፤ የተኙበት ክፍል መስኮትም ወደ ሌላው ወገን ነው። ደግሞም እሳቱ የሚነደው ከላይ፣ በሌላው ጫፍ ነው፤ እግሩ ያለበት ድረስ አይዘልቅም። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም። ያጋጠመ ነገር ይሆናል ብዬ ልጽፍልዎ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ታዛዥዎ አስረስ

ወንዛዬ፣ መጋቢት 17 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለአስረስ። የሁዳዴው ጾም ለነፍስህ ይሁንልህ። ጨርቁም ጠርሙሱም ይቅር፤ እመቤቴ የሚሏትን ሴት ነፍስ ይማር። የሰው ብርድ ልብስ ሰርቆ ማን ደኅና ተኝቶ ያውቃል? ሐኪም አለመሆንህንም ለማንም አልነገርኩም፤ መሪጌታም ምለውልኛል።

አሁን የምጽፍልህ ስለ ሌላ ነው። ከቅበላ ወዲህ አያሌው አዲስ ነገር ይናገራል። አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቴን ይዞኛል ይላል። «ማነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሴት ናት፣ እጇ ትንሽ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ ትንሿ ጣቷ የለችም» አለኝ። «ትጎትትሃለች?» አልኩት። «አትጎትተኝም፣ እንዳልሄድባት ነው የያዘችኝ» አለ። ይህን ሲለኝ ጉቶው እግሬ ላይ ነበር፣ ዘይት እየቀባሁት፤ እጄ ሌላ እጅ የነካ መሰለኝና ተነሥቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፣ በሬው ያመሰኳል።

ስለዚህ እግሩን እፈልገዋለሁ። አስረስ ልጄ፣ እኛ ጸጉራችንንና ጥፍራችንን እንኳ ዶሮ እንዳይጭረው የምንቀብር ሰዎች ነን። ላንተ ጥራጊ ነው፤ ለኔ ባሌ ነው። አያሌው እየሰለለ ነው። እህል እምቢ ብሎታል። «አንድ እግሬ እሳት ውስጥ እያለ እንዴት አድርጌ ልሙት?» ይለኛል። እኔም በትንሣኤ ቀን ሰው ሁሉ ሲነሣ እሱ በአንድ እግሩ እየነጠረ ሲከተለኝ ይታየኛል። መሪጌታ እግዚአብሔር ከየትም ከየትም ይሰበስበዋል ይላሉ፤ ይህን ቃላቸውን ራሳቸው እንዲጽፉት ፈቅጃለሁ። እኔ ግን እግዚአብሔርን ሥራ ማብዛት አልወድም።

በቆዳ ጠቅልለህ በወርቁ ላክልኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ ቀብሬ አያሌውን አሳርፈዋለሁ። ሌላ ምንም አልለምንህም።

ፈንታነሽ

ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ፈንታነሽ። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ፤ ለጋሼም ቀኑን የሰላም ያድርግላቸው።

ደብዳቤዎን አንብቤ እንደ ጨረስኩ ሥራዬን ትቼ ተቀመጥኩ። ስለ እጁ የተናገሩት እውነት ነው። በቅበላ ሰሞን ትርንጎ የምትባል ወጣት ሴት ክንዷ በመኪና ጎማ ተጨፍልቆ መጥታ እጇ ተቆረጠ። ትንሿ ጣቷ ከልጅነቷ ጀምሮ አልነበረችም። እጁን ወስጄ የጋሼ እግር ካለበት ጋር አኖርኩት፤ ያ ወገን ገና አልተደፈነም ነበር። ትርንጎ ከሳምንት በኋላ ሞተች፤ ዘመዶቿም ያለ እጇ ቀበሯት። ይህን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

ሐኪሙን በአስተርጓሚ ጠየቅሁት። የተቆረጠ እግር ሥሩ ያስታውሳል፣ ስለዚህ ያለ ይመስል ያምማል አለኝ። ስለ እጁ ስነግረው ግን አስተርጓሚው መተርጎሙን ተወና ወደ ሥራህ ሂድ አለኝ።

አክስቴ፣ እግሩን ማውጣት አልችልም። ጋሼ እንደ አባት የሚወዱኝ ሰው ናቸው፤ እንቢ ስልዎ ልቤን ይበላኛል። ነገር ግን ያን ጉድጓድ ከከፈትኩት የሚወጣው የጋሼ እግር ብቻ አይሆንም። ተስቦ የያዛቸው ሰዎች ልብስ በሙሉ እዚያ ነው። ቅማሉ ከሞተው ሰው ጨርቅ ወደ ሕያው ይሻገራል፤ የሚገድለው ይህ ነው፤ ሌባ ይሁን ጻድቅ አይመርጥም። ከወንዛዬ እስከ ሐሙሲት ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ገበያ ይገናኛል። አንድ ሰው ላሳርፍ ብዬ አገር ልፈጅ አልችልም።

የቻልኩትን አድርጌያለሁ። አንድ ቄስ ለምኜ ከሽቦው ውጭ ቆመው ፍታት ደገሙ። እኔም ከዚያ ወዲህ እሳቱን ሳነድ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እፈራለሁ፣ አልደብቅዎትም። ባለፈው ዓርብ ላምባ አልቆብን ሳናነድ ቀረን። ያን ቀን ጋሼ ምን አሉ? ባይነግሩኝ ይሻላል። ወይም ይንገሩኝ።

አስረስ

ወንዛዬ፣ ግንቦት 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስረስ። የእናትህ አምላክ ይጠብቅህ፣ ያሳድግህ፣ ወጥተህ ግባ፣ ጠላትህ ዓይኑ ይታወር፣ እንጀራህ አይጉደል፣ የልጅ ልጅ እይ። ያልከኝ ሁሉ ገብቶኛል። ደንብ ደንብ ነው፤ አክስትህ አሮጊት ናትና ብትነጫነጭ አትፍረድባት።

ያን ዓርብ አያሌው ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ዋለ። ሲነቃ፣ «ዛሬ ምነው ማሩኝ?» አለ። እስኪመሽም ሲያለቅስ ነበር።

አሁን ምንም አልለምንህም። ብቻ ለአያሌው ስለ ቦታው ስነግረው ልቡ ይረጋለታል። እንደ ተረት ነው የሚሰማው። ስለዚህ ጻፍልኝ። ጉድጓዱ በየት በኩል ነው? ዛፍ አለው ወይ? እሱ ከተረከዜ በላይ ሥር ይሰማኛል ይላል። ዘበኛውስ የየት አገር ሰው ነው? ነጮቹ ቀን ቀን ምን ይሠራሉ? አንተስ ምሳህን የት ትበላለህ? ከስተህ እንደሆነ ብዬ ነው። በወርቁ እጅ አንድ ቅል ማር ልኬልሃለሁ፤ አታካፍለው።

አክስትህ ፈንታነሽ

ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 6 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለአክስቴ። የክረምቱን መግቢያ የበረከት ያድርግልዎ። ማሩ ደርሶኛል። ደብዳቤዎን ሳነብ ትልቅ ሸክም ከላዬ ወረደ፤ ተቀይመውኛል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበርና።

ለጋሼ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ። ጉድጓዱ ረጅም ቦይ ነው፤ ከሐኪም ቤቱ በስተጀርባ፣ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ላይ። በአንደኛው ጫፍ እናነድዳለን። ሌላው ጫፍ ተደፍኗል፣ እግሩ ያለው እዚያ ነው፤ አጠገቡ አንድ ትልቅ ኮሶ አለ። ሥር ይሰማኛል ማለታቸው ደንቆኛል። ዘበኛው ሙላቴ የደራ ሰው ነው፤ ጨዋ ነው፣ ግን ፈሪ ነው። አመድ ያለበት ቦታ ቀትር ላይ አያምርም ብሎ እኩለ ቀን ሲሆን ከበሩ ጥላ ሥር ይቀመጣል። እኔም ብሆን በዚያ ሰዓት ወደ ጉድጓዱ አልሄድም፤ ምሳዬን ከባሕር ዛፉ ሥር በልቼ ጋደም እላለሁ። ነጮቹ በልተው ይተኛሉ፤ ያን ጊዜ ግቢው ሁሉ ሰው የሌለበት ይመስላል፣ ዝንብ ብቻ ነው የሚሰማ።

እዚህ ኑሮው ከብዷል። የተስቦው ክፍል ሞልቷል። ላምባ እያነሰን፣ የሞቱት ሰዎች ልብስና ብርድ ልብስ እስከ ማንደጃው ቀን ድረስ ከጉድጓዱ ዳር ኖራ ተነስንሶበት ይከመራል። ሰው እንዳያየው እጸልያለሁ፤ አገሩ ሁሉ ታርዟልና። ቢሆንም የእርስዎ ደኅና መሆን አጽናንቶኛል። ስለ ቦታው ሌላ ጋሼ መስማት የሚፈልጉት ካለ ይጻፉልኝ፤ ሳልዘገይ እመልሳለሁ።

አስረስ

ወንዛዬ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለአስረስ። የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል በረከት ይድረስህ። ይህን ስታነብ ተቀመጥ።

መጥቼ ነበር። በሰኔ ማለቂያ አህያዬን ይዤ፣ ዶማ በሣር ውስጥ ደብቄ፣ እንጨት ሻጭ መስዬ ደብረ ታቦር ገባሁ። አንተን አየሁህ። ከባሕር ዛፉ ሥር ባርኔጣህን ፊትህ ላይ ደፍተህ ተኝተሃል። ክሳትህ እውነት ነው። ልቀሰቅስህና ልስምህ ፈልጌ ነበር። ብትነቃ ግን እንቢ ትለኛለህ፣ እኔም አንተን ጥዬ አላልፍም። ስለዚህ በጣቴ እየረገጥኩ አለፍኩህ።

ቀትር ላይ ወደዚያ ቦታ መሄድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቴ ያስተማረችኝ ነው። ቢሆንም አማትቤ ገባሁ። ወፍ የለም። ነፋስ የለም። ኮሶው አንድ ቅጠል አያነቃንቅም። አያሌው ቁፈሪ ያለኝ ቦታ ላይ ዶማዬን ሳነሣ አፈሩ ከሥር በኩል የላላ ሆኖ አገኘሁት። ጉልበቴ እስኪደርስ ብቻ ነው የቆፈርኩት። ቅልጥሙን አየሁት፤ ልጅ ሳለ በቅሎ ረግጣው የተጣመመችዋ አጥንት ራሷ ናት፤ በዓለም ላይ አምሳያ የላትም። ሠላሳ ዓመት ያጠብኩት እግር ነው።

ቁርጭምጭሚቱ ላይ እጁ ነበር። አጥንት ብቻ ቀርቶታል፤ ግን ጣቶቹ ዙሪያውን ይዘውታል። አራት ጣት። «እናቴ ትርንጎ፣ ልቀቂልኝ፣ የሰው ባል ነው» አልኳት። አንድ በአንድ አላቀቅኋቸው፤ ደስ ብሏት አይደለም የለቀቀችው። አሳዘነችኝ። ባዶዋን ጥያት ልሄድ አልቻልኩም። ለእግሩ መገነዣ ብዬ ያመጣኋትን አዲሷን ነጠላዬን ለሷ አለበስኳትና አፈር መለስኩባት።

እግሩ ታዲያ እርቃኑን ቀረ። ሬሳ ሳይገነዝ አይጫንም። ከጉድጓዱ ዳር ከተከመረው አንድ ብርድ ልብስ ወሰድኩ። እንደምትቆጣ አውቃለሁ። እመቤቴ የሞተችው ሰርቃ ነው፤ እኔ ግን በምትኩ ነጠላ ትቻለሁ፣ የሐር ጥለት ያላት ነጠላ። ጉድጓዱ አልተጎዳም። ደግሞ ብርድ ልብሱ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ በሽታ ያለበት ነገር እንዲህ አይሸትም።

አያሌው እግሩን ሲያይ የተናገረውን ለማንም አልነግርም፣ ላንተም አልነግርም። በማግሥቱ በካህናት አስቀበርነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቡዕም ዓርብም እሳት የለም። ይበላል። ይቀልዳል። አልጋው ላይ ተዘርግቶ በዚያ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ ዝናቡ ሌሊት ከቀን ሳያባራ እሱ ግን ይሞቀዋል። እኔም አጠገቡ ስተኛ ይሞቀኛል። አትቆጣኝ፤ ደስ ብሎኛል።

ፈንታነሽ

ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 3 ቀን 1931 ዓ.ም.

አክስቴ፣ እግዚአብሔር ይቅደመኝ። ጉማራ ሞልቶ ወርቁ ሳይሻገር ስለሰነበተ ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ ይህን የምጽፈው እሱ በቅሎውን ሳያራግፍ ነው።

ብርድ ልብሱን በእጅዎ አይንኩት። በእንጨት አንሥተው ደጅ አውጥተው ያቃጥሉት። አልጋው ላይ ያለውን ሁሉ፣ ጋሼ የለበሱትን፣ እርስዎ የለበሱትን አብረው ያቃጥሉ። ጸጉርዎን ይላጩ። ወንዝ ወስደው አይጠቡት፤ ለማንም አያውሱት። ነጠላ ትቻለሁ ማለትዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አክስቴ፣ በሽታው ልውውጥ አያውቅም። ያ ክምር በዚያ ሳምንት የሞቱት የስምንት ወታደሮች ልብስ ነበር።

ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ ደረት ላይ የሚወጣ ቀይ ሽፍታ፣ ከዚያም መቃዠት፤ የዚህ በሽታ መንገዱ ይህ ነው። አንዱ ከታየ ሰው ወደ ቤትዎ አይግባ፣ ከቤትዎም አይውጣ። በሩ ላይ እሾህ ያድርጉበት።

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ደግ ቃልዎ ደስ አሰኝቶኝ የጠየቁኝን ሁሉ እንደ ሕፃን ነገርኩዎ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኔ እግሩን ያኖርኩት በሁለት ቁመት ጥልቀት ነው፤ ከላዩም ድንጋይ ደርቤ ነበር። እርስዎ ከጉልበት አላለፈም ይላሉ። ትናንት ሄጄ አየሁት። በዚያ ቦታ አፈሩ አሁንም ከፍ ብሏል፣ ከሥር የሚገፋው ነገር እንዳለ ሁሉ። የቀረው ጫፍ ሁሉ ደኅና ነው።

ፈቃድ ብጠይቅ ከለከሉኝ። ጉማራ ሲጎድል ግን እመጣለሁ፤ ቢያስሩኝም እመጣለሁ። እስከዚያ ያልኩትን ያድርጉ። እለምንዎታለሁ።

አስረስ

ወንዛዬ፣ ነሐሴ 17 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይህን የምጽፈው እኔ ይርጋ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነው። እሷ ከደጃፏ ተቀምጣ ትናገራለች፤ አትቅረቡኝ ብላ በመካከላችን እሾህ አድርጋለች። ድምፅዋ አልፎ አልፎ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ እጠብቃታለሁ። የምትለውን እጽፋለሁ፣ ከራሴ አንድ ቃል አልጨምርም።

አስረስ ልጄ፣ እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው። ደብዳቤህን መሪጌታ ጮኸው አነበቡልኝ። ዘግይቷል። አንተ አልዘገየህም፤ ቀድሞም ነግረኸኝ ነበር፣ የዘገየው ጆሮዬ ነው። ስለ ነጠላዋ እውነት ነው ያልከው። ፍርድ ያለበት ነገር መስሎኝ ነበር። ከሰው ጋር እንጂ ከቅማል ጋር ውል እንደሌለ አላሰብኩም።

አያሌው በሐምሌ መድኃኔ ዓለም ዕለት ዐረፈ። ሽፍታው እንዳልከው ደረቱ ላይ ወጣ። ሲጨንቀው ውሎ ሊሞት ሲል ረጋ አለና፣ «እግሮቼ በረዱኝ፣ ሁለቱም» አለኝ። ሁለቱም ሲል ፈገግ ብሎ ነው። እግሩን ከተቀበረበት አውጥተን ከገላው ጋር አንድ አድርገን ገነዝነው። ሙሉ ሰው ሆኖ ገባ። ለዚህስ አልጸጸትም፤ ዋሽተሽ ተጸጸቺ ብትለኝ እንኳ አልችልም።

ግን ለቅሶ የመጣው ሰው ቤቴ ገባ። ጥሩወርቅ አድራ ነበር፤ ብርድ ልብሱን ያለበስኳት እኔ ነኝ። አሁን ከውስጥ ተኝታ ትቃዣለች። ወደ ልጆቿ ልትሄድ ተነሥታ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ከለከልኳት። ሰደበችኝ፣ መታችኝ፤ እኔም አልለቀቅኋትም። ያን ጊዜ አንተ በየቀኑ የምትሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም። ብርድ ልብሱን አቃጥያለሁ፤ ሲነድ ሱፍ አልሸተተም።

እኔን ከጀመረኝ ሰንብቷል። ቀን ቀን አንዲት እጅ አንጓዬን ትይዘኛለች። አራት ጣት ናት። በነጠላ ተጠቅልላለች፤ ጥለቷን በቆዳዬ ላይ አውቄዋለሁ፣ የራሴ ናት። በዚህ ትኩሳት ቅዝቃዜዋ ደስ ይለኛል። አልፈራኋትም አልልህም፤ ፈርቻታለሁ። ግን ብቻዬን አይደለሁም።

አሁን ስማኝ። ጉማራ ሲጎድል ደንብህን ይዘህ ና። ኖራና ላምባ ይዘህ ና። ቤቱን ከነአልጋው፣ ከነቁርበቱ አቃጥለው፤ ጎተራው ውስጥ ያለውን ገብስ ለማንም አትስጥ። ጥሩወርቅ ከዳነች ጸጉሯን ላጭተህ፣ ልብሷን ለውጠህ ወደ ልጆቿ ስደዳት። እኔን ግን የሚያጥበኝ አይኑር፣ የሚገንዘኝም አይኑር፤ እንዳለሁ አንሣኝ። ካህናቱ ከባሏ ጎን ትቀበር ይሉሃል፤ ደጎች ናቸው፣ አትስማቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስሄድ ሰው ይሸከመኛል፣ የተሸከመኝ ሁሉ ይታመማል። ከገብሱ ማሳ ጫፍ፣ ሰው ከማያልፍበት፣ ሁለት ቁመት ቆፍረህ አኑረኝ። ድንጋይ ደርብብኝ፤ እኔ አልወጣም። መሪጌታ ከሩቅ ቆመው ይፍቱኝ፤ እሺ ብለውኛል፣ እያለቀሱ ነው።

ሠላሳ ዓመት ከአንድ አልጋ ተኝተን አሁን እሱ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ልንሆን ነው። በመካከላችን ሸለቆ አለ፣ ሽቅቡም ከባድ ነው። ይህ ብቻ ነው ያስለቀሰኝ። በኋላ ግን አሰብኩና ተውኩት። በትንሣኤ ቀን እኔ ብደክም እሱ ይምጣልኝ፤ አሁን ሁለት እግር አለው።